«እናትህን ሣል» ከማለት በፊት

እናታቸው አረብ አገር የሄደችባቸውን ልጆች ሰብስቦ ወረቀትና ከለር ማደል በትምህርት ቤትም፣ በሰንበት ትምህርት ቤትም፣ በበጎ አድራጎት ማኅበራትም የሚሠራ ሥራ ነው። ልጅ በአፉ ያልወጣለትን በእጁ ያወጣዋል ከሚል የመጣ ጥሩ ሐሳብ ነው። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ከታደለ በኋላ በሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ነው፦ «በሉ፣ እናታችሁን ሣሉ።»

ይህን የተባለ የስድስት ዓመት ልጅ እርሳሱን ይዞ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። እናቱ የሄደችው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከሆነ የሚያውቃት በኢሞ ነው፤ ያውም ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ፊቷ እየደረቀ። እግሯን አይቶት አያውቅም። ወይም ደግሞ ሳያመነታ አያቱን ይሥላል። በብዙ ቤት ልጁ «እማዬ» የሚለው አያቱን ነው፣ ወላጅ እናቱን በስሟ ይጠራታል። መምህሩ ነጠላ ያጣፋች፣ ምርኩዝ የያዘች ሴት ሲያይ «እናቱን እንደ አሮጊት ነው የሚያስባት» ብሎ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል። ልጁ ግን የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል።

ብቸኝነት ሥዕል ውስጥ የሚገባው ሲጠሩት አይደለም። ልጁ መስመሩ እሺ እስኪለው፣ እጁ እስኪፍታታ፣ ቦታው የራሱ እስኪሆን ከተጠበቀ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ካልመጣም አልመጣም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ልማድ ከመንገድ ይነሣ፤ የልጅን ሥዕል እንደ ራጅ ብርሃን ላይ ይዞ መመርመር። ጥቁር ኀዘን ነው፣ እጅ የሌለው ሰው አቅመ ቢስነት ነው፣ ጥግ ላይ የተሣለ ትንሽ ልጅ መገፋት ነው የሚሉ ዝርዝሮች በየሥልጠናው ይዞራሉ። መነሻቸው አሜሪካ ውስጥ የተስፋፉት የሥዕል ፈተናዎች ናቸው። በ1926 ሰው አሥሎ የልጅን የአእምሮ ዕድገት መለካት ተጀመረ፤ በ1949 ከሰው ሥዕል ጠባይን ማንበብ ተከተለ፤ በ1970 ደግሞ «ቤተሰብህን አንድ ነገር ሲሠሩ ሣል» የሚለው መጣ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት፣ አንድን ምልክት ነጥሎ ይህ ስሜት ነው ማለት እንደማያስተማምን ነው።

የልጅ ሥዕል ከሁሉ በፊት የሚገዛው በዕድሜው ነው። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ይሞነጫጭራል። ከአራት እስከ ሰባት ያለው ክብ ጭንቅላት አድርጎ ሁለት እግር በቀጥታ ከአገጩ ያወርዳል፤ ሆድም እጅም ላይኖረው ይችላል፣ ይህም ጤናማ ነው። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ መሬት አንድ መስመር ይሆናል፣ በግድግዳው ውስጥ አልጋውና ቴሌቪዥኑ ይታያል። ከዘጠኝ በኋላ እውነተኛውን ማስመሰል ይፈልጋል፤ አልመስል ሲለው ወረቀቱን ይቀደዋል። ቀጥሎ ሥዕሉ በዕቃ ይገዛል። ስድስት ልጆች አንድ ፓኮ ከለር ሲካፈሉ ቀዩና ቢጫው ቶሎ ይያዛል፣ ለመጨረሻው ልጅ የሚተርፈው ጥቁርና ቡናማ ነው። ጥግ ላይ አሳንሶ መሣልም ከቁጠባ ሊመጣ ይችላል። ደብተር በልመና በሚገዛበት ቤት ያደገ ልጅ ሙሉ ወረቀት ማባከን ያስፈራዋል።

ወላጆቻቸው ከአጠገባቸው የሌሉ ልጆችን በሥዕል ማስተማር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያሳየችው ሠዓሊዋ ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ ናት። በ1898 ቪየና ተወለደች። እናቷ የሞተችባት በአራት ዓመቷ ገደማ ነው፤ ያሳደጋት አባቷ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሠራተኛ ነበር። ከ1919 እስከ 1923 ጀርመን ውስጥ ቫይማር ከተማ በነበረው ባውሃውስ የተባለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የዮሐንስ ኢተን ተማሪ ሆነች። ኢተን ትምህርቱን የሚጀምረው ተማሪዎቹን በትንፋሽና በሰውነት እንቅስቃሴ አፍታትቶ ነበር፤ መስመር ከመላ አካል ይወጣል ብሎ ያምናል። ከዚያ ተቃራኒዎችን ያሠራቸዋል፤ ብርሃንና ጨለማ፣ ሻካራና ለስላሳ፣ ወፍራምና ቀጭን።

በዲሴምበር 1942 ናዚዎች እሷንና ባሏን፣ አይሁድ በመሆናቸው፣ አይሁድ ወደሚታጎሩበት ወደ ቴሬዚን ጌቶ አጋዟቸው። ቴሬዚን ከፕራግ በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራች የምሽግ ከተማ ናት። ከ1941 መጨረሻ ጀምሮ ከ140,000 በላይ ሰው ታጉሮባታል፤ 33,000 ያህሉ እዚያው ሞቱ፣ 88,000 ያህሉ ወደ ምሥራቅ ተጭነው አብዛኞቹ አልተመለሱም። ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ ይታጎራሉ። ብዙዎቹ ልጆች ደግሞ ከወላጆቻቸው ተነጥለው «የልጆች ቤት» በሚባሉ ሕንፃዎች፣ በአንድ ክፍል 20ና 30 ሆነው፣ ባለ ሦስት ደርብ አልጋ ላይ ይኖራሉ። እናትና አባታቸውን ያጡ አሉ። እናታቸው ሁለት መንገድ ተሻግሮ እያለች በተፈቀደ ሰዓት ብቻ የሚያገኟትም አሉ። መደበኛ ትምህርት ክልክል ነበር፤ መዝሙርና የእጅ ሥራ ግን ይፈቀዳል። ሥዕል በዚያ ቀዳዳ ገባ።

ለአንድ ተጓዥ የተፈቀደው ዕቃ 50 ኪሎ ነው። ፍሪድል ከድርሻዋ ብዙውን የሞላችው በሥዕል ዕቃ ነበር፤ እሱም ለዚያ ሁሉ ልጅ አልበቃም። ስለዚህ የተጻፈበት የቢሮ ቅጽ ጀርባው ሥዕል ይሣልበታል፣ መጠቅለያ ወረቀት ተቀዶ ይለጠፋል። ከቀሩት ሥራዎች አንዳንዶቹን ቀረብ ብሎ ሲያዩ የቅጹ ሠንጠረዥና የታተመው ጽሑፍ በተለጠፈው ወረቀት መካከል ብቅ ይላል።

ትምህርቷ በምት ይጀምራል። እሷ ምቱን ትሰጣለች፣ ልጆቹ እጃቸውን በእሱ ያስኬዳሉ፤ ረጅም መስመር፣ ጥምዝምዝ፣ ክብ፣ አሁን ፈጠን፣ አሁን ዝግ። ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ይታያል፣ የአበባ ማስቀመጫ ወይም ስኒ። ሌላ ቀን የድሮ ሠዓሊ ሥራ ቅጂ ይቀርብና ልጆቹ በተቀደደ ወረቀት ይከተሉታል። ጌቶው ሰውን በትራንስፖርት ቁጥር ይመዘግባል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ልጅ ስሙን፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜውንና የክፍሉን ቁጥር በገዛ እጁ ይጽፋል። በ1943 ስለ ልጆች ሥዕል ለልጆቹ ተንከባካቢዎች ንግግር አድርጋ ነበር። ዓላማው ሁሉንም ሠዓሊ ማድረግ እንዳልሆነ ተናገረች፤ ምናባቸውን መቀስቀስ፣ ዓይናቸውን ማጠንከር፣ በራሳቸው መወሰንን ማስለመድ እንጂ። ትልልቆች ለልጁ መንገዱን አስቀድመው እንዳይቀይሱለትም አስጠነቀቀች።

ከልጆቹ ሥራ ውስጥ የተዘረጋ ማዕድ፣ የቤት ውስጥ ክፍል፣ አበባ፣ ቢራቢሮ በብዛት ይታያል። ተደራራቢ አልጋ፣ የምግብ ሰልፍና ጠባቂ ፖሊስም አለ፣ ግን ያንሳል። ራጅ አንባቢው እዚህ ላይ ይወድቃል። በጌቶ ውስጥ የተሣለ ደማቅ ቢራቢሮ አይቶ «ይህ ልጅ ደህና ነው» ሊል ነው።

በ1944 ሴፕቴምበር መጨረሻ ባሏ ወደ ምሥራቅ ተጫነ፤ እሷም ልከተለው ብላ በፈቃዷ ተመዘገበች። ከመሄዷ በፊት ወደ 4,500 የሚጠጋ ሥዕል በሁለት ሻንጣ ታሽጎ ኤል 410 በሚባለው የሴት ልጆች ቤት ተደበቀ። በኦክቶበር 9 አውሽቪትስ በተባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ ውስጥ ተገደለች፤ ባሏ ተረፈ። ከሣሉት ልጆች አብዛኞቹ አልተረፉም። ሻንጣዎቹን በ1945 የቤቱ ኃላፊ የነበረው ቪሊ ግሮአግ ፕራግ ላለው የአይሁድ ማኅበረሰብ አስረከበ። ሥዕሎቹ ዛሬ በፕራግ የአይሁድ ሙዚየም ይጠበቃሉ፣ ከፊሉ በፒንካስ ምኩራብ ለሕዝብ ይታያል። እስራኤል የሚኖር አንባቢ ጊቫት ሃይም ኪቡትስ ውስጥ ያለውን የቴሬዚን መታሰቢያ ቤት ማየት ይችላል።

እኛ ጋ ያለው ልጅ ጌቶ ውስጥ አይደለም፤ ማነጻጸሩ ነውር ነው። የሚወሰደው የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ክንድ፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ከዚያ ነጻ ሥራ፣ መጨረሻ ላይ ስም።

ለአንድ ትልቅ ሰውና ለአንድ ረዳት ስምንት ልጅ ይበቃል፣ ቢበዛ አሥር። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ቢያንስ ለአሥር ሳምንት። ቀን አለመቀያየሩ ከቀለሙ ጥራት በላይ ነው። እናቱ «በዓል ላይ እመጣለሁ» ብላ ሦስት በዓል ያለፈበት ልጅ «ሳምንት እንገናኛለን» የሚለውን ቃል ምን ያህል እንደሚያምነው መገመት አያቅትም። መቅረት ካለ አስቀድሞ ይነገራል። ፕሮግራሙ የሚያልቅበት ቀንም ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይነገራል። ገንዘቡ ሲያልቅ ድንገት የሚጠፋ ቡድን ባይጀምር ይሻለዋል።

ለስምንት ልጅ በየሳምንቱ 24 ትልልቅ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ለአንዱ ሦስት። ኤ-3 ከጠፋ ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ጥሩ ምትክ ነው፣ አንጸባራቂው ገጽ ግን ክሬዮን አይቀበልም። ባለ 12 ከለር አንድ ፓኮ ለሁለት ልጅ ይሁን፤ ከዚያ ከበዛ ቀለሙን የሚመርጠው ጉልበት ነው። ለመቅደድ ጋዜጣ፣ የስኳር ወረቀት፣ የሻይ ቅጠል ካርቶን ይሰብሰብ።

ሙጫ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ኩባያ ፉርኖ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ የጓጎለው እስኪጠፋ ይበጠበጣል። ሦስት ኩባያ ውኃ ለብቻ ይፈላና የተበጠበጠው ቀስ እየተባለ ይጨመርበታል፣ ማማሰሉ ሳይቋረጥ። በትንሽ እሳት ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ሲቆይ ነጭነቱ ይለቅና መስታወትማ ይሆናል። ከገንፎ ቀጠን፣ ከአጥሚት ወፈር ሲል ይወርዳል። ደረቅ ዱቄት የፈላ ውኃ ላይ የጨመረ ሰው የጓጎለ ሙጫ ነው የሚያገኘው፤ የጓጎለው ወረቀቱ ሥር ይቀርና ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በጣም የቀጠነ ደግሞ ወረቀቱን ያሸበሽባል። ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም፣ ከኮመጠጠ ይደፋል። ትንንሾቹ ቢልሱት አትደንግጡ።

የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ቆሞ ነው። ወረቀቱ በፕላስተር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የተቀመጠ ልጅ በጣቱ ብቻ ይሠራል፤ ጣት ደግሞ የለመደው ፊደል መጻፍ ነው፣ መስመሩ ይጨናነቃል። ሲቆም ከትከሻው ይሥላል። ትልቁ ሰው ያጨበጭባል ወይም ባልዲ ገልብጦ ይመታል፤ መስመሩ ምቱን ይከተላል። ከስልክ ዘፈን መክፈት የሚቀል ይመስላል፣ ግን ስለ እናት ወይም ስለ ናፍቆት የማይዘፍን የአማርኛ ዘፈን ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጭብጨባው ይበቃል።

ቀጣዩ አሥር ደቂቃ የማየት ነው። ለሁለት ልጅ አንድ ዕቃ፤ ጀበና፣ ስኒ፣ ብርቱካን፣ ያረጀ ጫማ። «ጀበና ሣል» ሲባል ልጁ የሚያውቀውን የጀበና ምልክት ይሥላል። «ዓይንህ በአፉ ይጀምር፣ በአንገቱ ቀስ ብሎ ይውረድ፣ እጅህ ይከተለው» ሲባል ከፊቱ ያለውን ጀበና ይሥላል፣ ጆሮዋ የተሸረፈችውን። ጫማ ከሁሉም የተለየ ነገር አለው። እግር ያረፈበት ጉድጓድ፣ አንድ ወገን የተበላ ተረከዝ፣ የላላ ማሰሪያ፤ ሰውየው ሳይኖር ሰውየው አለ። የወላጅን አለመኖር የሚያነሣ ልጅ ካለ ብዙ ጊዜ እዚህ ያነሣዋል። የጫማው ባለቤት የት እንደሄደ መጠየቅ የእኛ ፋንታ አይደለም።

ከዚያ ሠላሳ ደቂቃ ነጻ ሥራ፤ ወረቀት ቀዶ መለጠፍ። መቀስ አይሰጥም። መቀስ የያዘ ልጅ ከመጽሔት ላይ የሰው ፎቶ ቆርጦ አምጥቶ ጨረስኩ ይላል፤ በእጁ የቀደደ ልጅ ግን ቅርጹን ራሱ ያወጣል። ርዕስ ካስፈለገ ቦታ ወይም ጊዜ ይሰጥ፤ «በር»፣ «ሌሊት»፣ «ዝናብ የመጣ ዕለት»። በበሩ ማን እንደሚገባ፣ ማን ውጭ እንደሚቀር የሚወስነው ልጁ ነው። «ቤተሰብ» የሚለው ርዕስ ይህን ውሳኔ ከእጁ ይነጥቀዋል።

እዚህ ላይ በጣም የሚያጋጥመው ስህተት ሰሌዳ ላይ ምሳሌ መሣል ነው። አንድ ጊዜ ከተሣለ ስምንቱም ልጅ ጎጆ ቤት፣ ሁለት ተራራ፣ በመሃላቸው ፀሐይ ይዞ ይመጣል። ባይሣልም አንዳንዱ ከትምህርት ቤት ይዞት ይመጣል። አይቆጡት፤ «ከዚህ ቤት ጀርባ ምን አለ?» ብሎ አዲስ ወረቀት መስጠት ይበቃል። ሽልማት ደግሞ ጨርሶ አይግባ። አንድ ልጅ «አንደኛ» በወጣ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም የእሱን ሥዕል ይገለብጣል። የሠራውን የሚቀድ ልጅ ቁርጥራጩ በፖስታ ይቀመጥለት፤ ለመለጠፊያ ይመለስበታል። ምንም የማይሠራ ልጅ ሙጫ ያማስል፣ ወረቀት ያድል። ሆድ የባሰው ልጅ ከጎን ሆኖ ማየት ይፈልጋል፣ «አንተስ?» እያሉ ማስጨነቅ ይበልጥ ይዘጋዋል።

እርዳታ የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል ለሚለው የተሻለ መልስ ያላት ኤዲት ክሬመር ናት። ቪየናና ፕራግ ውስጥ የፍሪድል ተማሪ ነበረች፤ በ1938 ኒው ዮርክ ገባች፣ በ1950ዎቹ ዊልትዊክ በተባለ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ቤተሰብ ከጎናቸው ከሌለ ልጆች ጋር ሠራች፣ በሥዕል የማከም ሙያንም ከመሠረቱት አንዷ ሆነች። የአስተማሪውን ድርሻ «ሦስተኛ እጅ» አለችው። ለልጁ ሦስተኛ እጅ ትሆንለታለህ፤ ጭንቅላት አትሆንለትም። የሠራው ሰው አንገት አልያዝ ብሎት የሚያለቅስ ልጅ አለ እንበል። አንገቱን መሥራት ስህተት ነው። ወፈር ያለ ሙጫ አቀብለው፣ እስኪደርቅ በጣትህ ያዝለት፣ ከጀርባ የምትለጠፍ የካርቶን ቁራጭ አሳየው። «ሰው እኮ አምስት ጣት ነው ያለው» ማለት እርማት ነው፣ እርዳታ አይደለም።

ሲጨርስ «ምንድን ነው ይሄ?» አይባልም፤ ያልገባን መሆኑን ይነግረዋል። «ይቺ እናትህ ናት?» ደግሞ መልሱን አፉ ውስጥ ይከትለታል። «እስቲ ስለዚህ ንገረኝ» ይበቃል፣ ዝም ካለም ይተዋል። ለሁሉም «ጎበዝ! ያምራል!» ከማለት ያየነውን መናገር ይሻላል፤ «እዚህ ጋ ሰማያዊውን ሦስት ጊዜ ደራርበኸዋል።»

ስልክ ሌላው ጣጣ ነው። መምህርት አዝና ሥዕሉን አንሥታ ለእናትየው በኢሞ ትልከዋለች። እናትየው ሰው ቤት ናት፤ ስልኳን የምታየው ሥራ ሲያበቃ ነው። እሷ የሌለችበት የቤተሰብ ሥዕል ያለ ማብራሪያ ሲደርሳት እንደ ክስ ነው የምታነበው፤ የምትጠይቀውም ሰው አጠገቧ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ልጁ ይጠየቅ፣ «እምቢ» ካለ እምቢ ነው። እሺ ካለ ሲደወል ራሱ ያሳያት፣ ራሱ ይንገራት። ፎቶ ካስፈለገ በር አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ይነሣ፤ ዋናው ከልጁ ዘንድ ይቆይ። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አይወጣም። የልጁ ፊት፣ ስሙና እናቱ ቤት አለመኖሯ አንድ ላይ ሲለጠፍ ማን እንደሚያየው አይታወቅም።

ልጁ በአፉ «ይመቱኛል»፣ «ይነካካኛል» ካለ ግን ነገሩ ከሥዕል ወጥቷል። መመርመር አይገባም፤ ያለውን ቃል በቃል ጽፎ በዚያው ቀን በትምህርት ቤቱ ለልጆች ደኅንነት ኃላፊ ለሆነው ሰው፣ አደጋው አሁን ከሆነ ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ማሳወቅ ነው። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባትም አይገባም፣ ቃሉ ሊፈርስ ነውና። ሥዕሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የመጨረሻው አሥር ደቂቃ የስምና የማኅደር ነው። ልጁ በሥዕሉ ጀርባ ስሙንና ቀኑን በእርሳስ ይጽፋል፤ እስክሪብቶ በሙጫው ርጥበት ዘልቆ ፊቱን ያበላሻል። መጻፍ ያልቻለ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ያኑር። ማኅደሩ 35 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የካርቶን ገጾች ናቸው፣ ከጎን በጨርቅ የተያያዙ፣ በሲባጎ የሚታሰሩ። በሳምንቱ መካከል እኛ ዘንድ ይቀመጣል፣ ማንም አይከፍተውም። በአሥረኛው ሳምንት ልጁ ይዞት ቤቱ ይሄዳል፤ ከዚያ በፊት አንድ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ አያትየውን ማነጋገር አለበት፣ ወረቀት በብዙ ቤት ከሰል ማያያዣ ነውና። «እማማ፣ ይቺን ለእሳት እንዳያደርጉብን፤ የልጁ ናት። የት ያስቀምጣት?» ሲባሉ ብዙዎቹ ቁም ሣጥኑን ይከፍቱና ከሀገር ልብሳቸው ሥር ቦታ ያበጁላታል።